አርባ አንድ ኪሎዋት

ወንድም ጋሼ፣

ሰርቪሱ ሊያልፈኝ ነው፤ ቶሎ ልበል። የመብራቱን ሒሳብ ሠራሁት። ባለፈው ወር ዘጠና ሁለት ኪሎዋት ነበር፣ በዚህ ወር ሃምሳ አንድ። አምፖል እየተከታተልኩ ስለማጠፋ መስሎኝ ነበር። አባዝቼ ሳየው ግን የአምፖሎቹ ስድስት እንኳ አይሞላም።

የቀረው ያንተ ካውያ ነው።

ያን ቀን "ካውያህ ከሁለታችን በላይ ይበላል" ያልኩህ ለቀልድ ነበር። አንተ ግን ቤት ውስጥ የምትሠራውን የልብስ ስፌት ጠቅልለህ ሱቅ አስገባኸው፤ አሁን ቤት የምትመጣው ለመተኛት ብቻ ነው። እኔም አምፖል ማጥፋቴን ቀጠልኩ።

በግምት ሁለት መቶ ብር ተርፎናል። ምን እንደሚደረግበት አላውቅም።

ድስቱ ውስጥ ሾርባ አለ። አሙቀው፣ በመብራቱ አትሳሳ።

የስፌት ማሽንህ የነበረበትን ጥግ ጠርጌዋለሁ። ምንም አላስቀመጥኩበትም።