የግራው ገጽ

የካቲት 3

ሦስት ቤት አሳየሁ። አንድም አልተሸጠም። እግሬ አብጦ ዳቦ መስሏል። የመጨረሻው ደንበኛ ሳሎኑን በእርምጃ ለካ፣ መኝታ ቤቱን በእርምጃ ለካ፣ ሲጨርስ "እኔ እንኳ ለወንድሜ ነው የማየው" ብሎኝ ሄደ። የወንድምየው እርምጃ ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከሰዓት ስብሰባ ተጠራን። ሥራ አስኪያጇ አዲስ ነገር ይዛ መጥታለች። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳችን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የራሳችን ገጽ ይኖረናል። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ላይቭ፣ ምናምን። እስከ የካቲት 30 አንድ ቤት ያልሸጠ ሰው ደግሞ ቁልፎቹን አስረክቦ ቢሮ ይቀመጣል፤ ስልክ ያነሳል፣ ውል ይተይባል። ስም አልጠራችም። ግን ስትናገር እኔን ላለማየት መስኮቱን ነበር የምታየው። ሁለት ወር ያልሸጠ ማን ሆነና?

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው በር ስከፍት ኖሬ... ስልክ ላነሳ?

የካቲት 4

ሻጮቹ ሦስት ነን። ሦስታችንም በዚህ ነገር አንስማማም።

አንዱ "ቤተሰብ" ነው። ቪዲዮ በጀመረ ቁጥር "ሰላም ሰላም ቤተሰብ" ስለሚል ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። የቧንቧ መክፈቻ ሳይቀር ይቀርጻል። አምስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ለስልኩ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ነው የኖረው። "በስተቀኛችሁ ሳሎኑ" ሲል እንኳ የሚያመለክተው በግራ እጁ ነው፤ ለተመልካቹ ቀኝ እንዲሆንለት።

ሁለተኛው "በውስጥ" ነው። ፎቶ ይለጥፋል፤ ግን ዋጋ በውስጥ መስመር፣ አድራሻ በውስጥ መስመር፣ የክፍሉ ብዛት በውስጥ መስመር። ሁሉንም በግል መልእክት ነው የሚመልሰው። ምሳ ምን በላህ ቢሉት እንኳ ዞር ብሎ ነው የሚነግርህ።

ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። "እትዬ ደብተር" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቤት በፎቶ አይሸጥም ባይ ነኝ። የእኔ ዘዴ ወንበር ነው። ገዢውን ሳሎን አስቀምጬ ሩብ ሰዓት ዝም እላለሁ። የቀረውን ቤቱ ራሱ ያወራል። ይህን ስነግረው ቤተሰብ ሳቀብኝ። "እትዬ፣ ዘንድሮ ሰው ቤት የሚያየው በእግሩ አይደለም፣ በአውራ ጣቱ ነው።"

መልሱ አውቶቡስ ውስጥ ነው የመጣልኝ፦ አውራ ጣት ወንበር ላይ አይቀመጥም! ነገ እነግረዋለሁ።

የካቲት 6

አልነገርኩትም። ረሳሁት።

በእጄ ያለው ተስፋ አንድ ነው፣ የልብስ ሰፊው ቤት። ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው እሷ ዘንድ ክፍል አዘጋጅታላቸው በስልክ ትጨቀጭቃቸዋለች፤ እሳቸው ግን ቤቱ ሳይሸጥ አልነቃነቅም ብለዋል። ቤቱ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ችግሩ ይኸው ነው።

ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ገጽ አለው። የቀኙ ለደንበኛ፣ የግራው ለራሴ። የቀኙ ላይ "ሞቅ ያለ ሰፈር፣ ለትምህርት ቤት ቅርብ፣ ለኑሮ ምቹ" ብያለሁ። የግራው ላይ ያለውን ማንም አላየውም፤ እንዲያየውም አልፈልግም። እዚያ እውነቱን ነው የምጽፈው። ክፉውንም፣ የወደድኩትንም። የወደድኩት ለምን ግራ ገጽ እንደሚገባ እኔም አላውቅም። የሽያጭ ቃል ስለማይመስል ይሆናል።

የካቲት 9

ቤተሰብ ቪዲዮ ሊያስተምረኝ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቆመልኝ። ፊቴን አስተካከልኩ። "እንደምን ዋላችሁ" አልኩ... ከዚያ ዝም። እሱም ዝም። ስልኩም ዝም።

"እትዬ፣ ምን እየጠበቁ ነው?"

መልስ እየጠበቅኩ ነበር! ሰው እንደምን ዋላችሁ ብሎ ዝም ብሎ ያልፋል እንዴ? ቤተሰብ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። በውስጥ እንኳ ሳቀ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ። ለባለቤቴ ስነግረው ደግሞ እራት እስኪቀርብ አላቆመም። ጡረተኛ ሾፌር ነው፤ የሚስቅበት ነገር ካገኘ ጊዜ ሞልቶታል።

የካቲት 12

ገጼን አራት ሰው ተከተለው። ሦስቱ ቢሮ ናቸው። አራተኛው ባለቤቴ ነው።

የካቲት 15

ዛሬ አፈርኩ።

የልብስ ሰፊውን ቤት ሁሌ የማሳየው ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ነው። አራት ሰዓት ላይ እረፍት ይወጣሉ፤ ከዚያ በፊት አስገብቼ አስወጣለሁ። የዛሬዎቹ ባልና ሚስት ግን አረፈዱ። ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ዝም አልኩ፣ ቤቱ ሊያወራ ነው ብዬ... ደወሉ ተደወለ። ሦስት መቶ ልጅ በአንድ አፍ ጮኸ። ሴትየዋ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ባልየው ረጋ ብሎ "ሞቅ ያለ ሰፈር ያሉን ይሄን ነው?" አለኝ።

ምን ልበል? ይሄን ነው።

ሲወጡ ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጨርቅ በመቀስ ይቆርጡ ነበር። ቀና ብለው ሳያዩኝ "ልጄ፣ ይቅር መሰለኝ። እዚሁ ልሙት" አሉ። መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ። ሰዓት እየመረጥኩ ሳሳይ ሰውን እያታለልኩ ነበር ማለት ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ሙያ ነው ስል የኖርኩት...

የካቲት 18

ትኩሳት። አልጋ ላይ ነኝ። ቤተሰብ ደወለ። የልብስ ሰፊውን ቤት ላይቭ ሊያስተላልፍልኝ ፈልጎ ነው፤ ሽማግሌውንም አስፈቅዷል። ምን ልበል አለኝ። "ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የቀኙን ገጽ አንብብ" አልኩትና ተሸፋፍኜ ተኛሁ።

ደግ ልጅ ነው። እንዲያው እኔው ነኝ ክፉ።

የካቲት 19

ጉድ ፈላ!

ባለቤቴ ማለዳ ስልኩን ይዞ ገባ። ሊስቅ ፈልጎ እንደፈራ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። "ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው?"

ቤተሰብ ሳሎኑ መሃል ደብተሬን ይዞ ቆሟል። "ሰላም ሰላም ቤተሰብ" አለና ማንበብ ጀመረ። "ትምህርት ቤቱ ቅርብ አይደለም፣ እቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። በእረፍት ሰዓት ከራስህ ሐሳብ ጋር እንኳ አትሰማማም። ኳስ በሳምንት ሁለቴ ግቢ ይገባል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ከቆመ አንዱ ትንፋሹን ይያዝ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ካልተለመነ አይዘጋም..."

የግራው ገጽ! "ቀኙን" ስለው እጁ ወደ ግራ ሄዷል። አምስት ዓመት ለተመልካች ሲያዞር የኖረ ሰው፣ በምን ዕድሌ ለእኔ ቀኝ ይሁንልኝ? አስቀድሞ አንብቦት ቢሆን ኖሮ... የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ግማሽ ላይ ሲደርስ ገባው፤ ድምፁ ቀነሰ። ግን ላይቭ ነው፣ ማቆሚያ የለውም። እስከ መጨረሻው አነበበው።

"ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ የሚገባውን ብርሃን ግን ሌላ ቤት አላየሁም። ሰውየው አርባ ዓመት በዚህ ብርሃን ያለ መነጽር ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ ኖረዋል። ገንዘብ ቢኖረኝ ለዚህ በረንዳ ስል እኔ እገዛው ነበር።"

በሺ የሚቆጠር ሰው አይቶታል። ኮሜንቱ አያልቅም። አንዱ "የበሩን ስም ንገሩኝ፣ መጥቼ ልለምነው" ብሏል። ሥራ አስኪያጇ ደውላ የደንበኛ ቤት እንዲህ ይሰደባል ወይ አለችኝ። ነገ ቁልፎቹን ይዘሽ ነይ አለች። በቃ። አለቀ።

ግን ያቃጠለኝ ቁልፉ አይደለም። ሽማግሌው ናቸው። ሰው ቤቱን አምኖ ሰጠኝ፣ እኔ በአደባባይ ገመናውን አወጣሁት።

ትኩሳቴን ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ታክሲ ጠርቶ እስከ በራቸው ሸኘኝ። ሽማግሌው በሩን ከፈቱ፣ እኔ ይቅርታ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሱ። ልጃቸው ማታ በስልክ አሰምታቸዋለች።

"በሩን አርባ ዓመት ስለምነው ኖሬያለሁ። እንኳን ተነገረለት" አሉ።

"ጋሼ፣ አዋረድኩዎት እኮ..."

"ያቺን የብርሃኑን ነገር ግን ከአፍሽ ልስማት። አንብቢልኝ።"

ደብተሩ ቢሮ ነበር። በቃሌ አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ተነስተው ወደ ቢሮ ደወሉ፤ ቤቴን ከእሷ በቀር ማንም እንዳያሳይብኝ አሉ። እኔ አለቀስኩ። ትኩሳቱም ነው መሰለኝ።

የካቲት 20

ቁልፎቹ እኔው ጋ ናቸው። እስከ 30። ሥራ አስኪያጇ "የቤቱ ባለቤት እንዲህ ካሉ እንግዲህ..." ብላ መስኮቱን አየች።

ቤተሰብ ዓይኔን ማየት ፈርቶ ዋለ። ሻይ ገዝቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፤ በስተቀኝ። "የእርስዎ ቀኝ ነው፣ አረጋግጫለሁ" አለ። እንዴት ይቆጡታል?

የካቲት 22

ኮሜንቱ መሃል አንዲት ሴት "የልጆቹ እረፍት ስንት ሰዓት ነው?" ብላ ጠይቃ ነበር። ቤተሰብ ስታሾፍ ነው ብሎ የሳቅ ምልክት መለሰላት። እኔ አላየኋትም። በውስጥ ግን በግል መልእክት ጽፎላታል፤ ልማዱ አይደል። እውነቷን ነው የጠየቀችው። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናት። ማየት ትፈልጋለች።

በውስጥ ጆሮዬ ላይ ነው የነገረኝ። ቢሮ ውስጥ ሌላ ሰው እንኳ አልነበረም። ደንበኛዋን ለራሱ ማስቀረት ይችል ነበር፤ አላስቀረም። "ቤቱ የእርስዎ ነው" አለኝ፣ በሹክሹክታ።

የካቲት 24

ርእሰ መምህሯ መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰዓታቸውን በቀኝ እጃቸው የሚያስሩ ሴት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኑ ብያቸው ነበር። ዛሬ ሰዓት የመረጥኩት ለመሸሽ አይደለም።

ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዝም አልኩ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ መቀሳቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ሴትየዋ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጸጥ ያለ ሰፈር እንደገቡ፣ ጸጥታው ጆሯቸውን እንዳመማቸው ነገሩኝ። ሌላ አላወሩም።

ደወሉ ተደወለ። ጩኸቱ መጣ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሴትየዋ ሰዓታቸውን አዩ።

"ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል" አሉ።

ፊታቸው በራ። ወዲያው ኳስ በአጥሩ ላይ ዘሎ ገባና የአትክልቱን መደብ መታው፤ በሩ ተንኳኳ፣ "አባባ ኳስ! አባባ ኳስ!" ሽማግሌው ሊነሱ ሲሉ ሴትየዋ ቀደሟቸው። በሩን ከፍተው "ተሰለፉ" አሉ። ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም። ሰባት ልጅ ተሰለፈ! ኳሱን ለመጨረሻው፣ ለትንሹ ልጅ ሰጥተው በሩን ዘጉ።

ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን በር ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ሽማግሌው ወስደው እንዴት እንደሚለመን አሳዩአቸው፤ ትንሽ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ራስ። ሁለቱም እዚያው ቆመው ቀሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆዩ፣ ብርሃኑን ሊያዩ።

ሳይደግስ አይጣላም።

የካቲት 28

ውል ተፈረመ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን ጠቅልለው ነገ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ርእሰ መምህሯም ነገውኑ ይገባሉ። ሲሰናበቱኝ አንድ መርፌ ሰጡኝ። "ብርሃን ያለበት ቤት ስታገኚ በዚህ ፈትኚው።"

የካቲት 30

ሥራ አስኪያጇ ቁልፎቹን አልጠየቀችኝም። ይልቅ ቤተሰብንና በውስጥን የግራ ገጽ ጻፉ ብላቸዋለች። ቤተሰብ ሦስት መስመር ጽፎ አልቅሷል። በውስጥ ጽፏል፣ ግን አያሳይም።

እኔ ዛሬ አዲስ ቤት ተረከብኩ። ደብተሩን ከፈትኩና የቀኙን ገጽ ባዶ ተውኩት። ምን እጽፍበታለሁ?

ከሰዓት ቤተሰብ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቆመልኝ፤ ላይቭ። "እንደምን ዋላችሁ" አልኩ። ዝም አልኩ። ቤተሰብ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ እያለ እጁን ያወናጭፋል። አልቀጠልኩም። ሰው እንደምን ዋላችሁ ብሎ ዝም ብሎ አያልፍም። ጠበቅኩ።

መልሱ መምጣት ጀመረ። ደህና ነን፣ እርስዎስ? ደህና። ደህና እትዬ። አንዱ ባለቤቴ ነው፣ አወቅኩት። ከሁሉ የቀደሙት ግን ርእሰ መምህሯ ናቸው።

"ደህና ነን። ኳሱ ዛሬም ገብቷል።"