ሳይረጋ የተነበበ

ዓርብ፣ ማርች 7

የቺፑ ንድፍ ዛሬ ወደ ፋብሪካ ሄደ። ተገላገልኩ! ደንበኛው ለክትባት ማቀዝቀዣ የሚሆን ቴርሞሜትር ነው የሚፈልገው፤ ቶሎ ቶሎ የሚያነብ። ፍጥነቱን በእጥፍ ጨመርኩት። የሚነበበውን ኤሌክትሪክ የምትይዘው ካፓሲተር ሞልታ እስክትረጋ ያላት ጊዜ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።

የቺፑን የሽቦ ሥዕል የሚሠሩት ጋሼ አድሮአልዶ አልወደዱትም። "ልጄ፣ ትርጋ እንጂ! ምን ያዋክብሻል?"
"ጋሼ፣ በእርስዎ አካሄድማ ክትባቱ ራሱ ጊዜው ያልፍበታል!"
ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

የፍተሻ ቅጹ ላይ "ቅዝቃዜ" የሚለው ሣጥን ባዶ ነበር። የኮምፒውተር ሙከራው ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል... ማን ይጠብቃል? ሙቀት ላይ አልፏል። ትራንዚስተር የሚደክመው ሲሞቅ ነው፤ ብርድ ላይማ ይፈጥናል። ራይት አደረግሁበት።

ሰኞ፣ ጁን 23

ቺፖቹ መጡ። ጠረጴዛ ላይ ሠሩ! አለቃችን ማርሊዜ አቀፈችኝ። "ኖኤሊ፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!" የወይን ኬክ አስመጣች። ሦስት ቁራጭ በላሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 25

መፈተሻ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተትነው። ሁለት ዲግሪ ላይ አምስት ይላል። ከዜሮ በታች አንድ አደረግነው... አራት! ክትባቱ በረዶ ሆኖ ተበላሽቶ ቺፑ "ደህና ነው" ሊል ነው።

ያቺ ራይት ትዝ አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ጁን 27

ስብሰባ። ማርሊዜ ሥዕሉ ላይ አንድ ረጅም ሽቦ አሳየች። "ይሄ ነው የሚያዘገየው።" ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "እንዴት አላየሁትም?" አሉ ቀስ ብለው።

 

ስንወጣ ማርሊዜ በጆሮዬ፦ "ውላቸው በጁላይ መጨረሻ ያልቃል። ባናድሰው ይሻላል መሰለኝ፤ ሰውዬው ደክመዋል።"
"እ..." አልኩ።
"እ" ምንድን ነው? ሰው ሊባረር ነው፣ በእኔ ጥፋት፣ እኔ "እ"! ቱ!

ቅዳሜ፣ ጁን 28

የዘለልኩትን ሙከራ ሠራሁት። ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ይሄ ቺፕ የሚሠራው በትንሽ ባትሪ ነው። በትንሽ ባትሪ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትራንዚስተሮቹን የሚያደክማቸው ብርዱ ነው። ካፓሲተሯ ሳትሞላ ትነበባለች። በፊት በነበረው ፍጥነት ቢሆን ትደርስ ነበር።

የጋሼ ሽቦ ምንም አላደረገም። ምንም።

ሰኞ፣ ጁን 30

ጋሼ እንደ ልማዳቸው ማቴ ሻያቸውን በቅል ቀድተው አዞሩ። ቅሉን ተቀብዬ ጠጣሁና "አመሰግናለሁ" ብዬ መለስኩ፤ በማቴ ወግ በቃኝ ማለት ነው።
"ገና በመጀመሪያው ዙር በቃሽ? አሞሻል እንዴ ልጄ?"
"ትንሽ ብርድ መቶኝ ነው።"
ብርድ! ሌላ ሰበብ አጣሁ? ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 2

ጋሼ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አሳትመው በማጉያ መነጽር ሽቦ ሽቦውን ይከተላሉ። ሦስተኛ ቀናቸው ነው።
"ምን እየፈለጉ ነው ጋሼ?"
"ጥፋቴን ነዋ።" ሳቅ አሉ። "ትናንት ዓይኔን አስመረመርኩ። ሐኪሟ ደህና ነው አለችኝ። እንግዲህ ጭንቅላቴ ይሆናል። ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ... ሥራው በቃኝ ብያለሁ።"

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለማን ነው የማለቅሰው? ለራሴ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። ነገ እናገራለሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ጁላይ 4

ተናገርኩ። ስብሰባው ላይ፣ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ባሉበት። "ቅዝቃዜውን አልፈተሽኩትም። ራይቷ የውሸት ናት። ሽቦው ምንም አላጠፋም።"

ማርሊዜ ፊቷ ጠቆረ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"
"ቅዳሜ... አይ። ረቡዕ ዕለት፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ስንከተው።"

ፍጥነቱ ወደ ድሮው ይመለሳል። ደንበኛው ይጠብቃል። የጋሼ ውል ይታደሳል፤ ማርሊዜ እዚያው ሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ የፈተሽኩትን ሌላ ሰው ደግሞ ይፈትሻል። ይበለኝ።

ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛቸው ዘንድ ሄድኩ። ያን ትልቅ ወረቀት እየጠቀለሉ ነበር። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ..." ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ምነው በተቆጡኝ! ወረቀቱን ጠቅልለው ጨረሱ፣ ላስቲክ አሰሩበት፣ ቀና ብለው አዩኝ።

"ኢንጂነር፣ አዲሱን ልኬት ሲጨርሱ ይላኩልኝ።"

ይላኩልኝ። እኔን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ "አንቺ" ነበርኩ።