ከቅሪተ አካላት ጋር ስለተቆለፈብን የምሳ ሰዓት

ለተከበሩ የአካባቢያችን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔም፣ አማቴም፣ እሳቸው ያለፈቃድ ተቀመጡበት የተባለው ግንድም፣ ሦስታችንም ደኅና ነን። «ቅርስ ላይ በመቀመጥና ከሰዓት ውጭ በአዳራሽ በመገኘት» በሚል የላኩልን ማስጠንቀቂያ ደርሶን በአክብሮት ስላነበብነው፣ ምላሹንም በአደባባይ ማቅረብ ለክብርዎ የሚመጥን ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች፦ እኔ አናጢ ነኝ። አማቴ አንድ ልጃቸውን አግብቼ ሩቅ ከተማ ስለወሰድኩባቸው ከሠርጋችን ወዲህ በቀጥታ አናግረውኝ አያውቁም፤ «ያንን ሰውዬ ጨው አቀብለን በይው» ይሏታል ልጃቸውን። በቀደም ሊጠይቁን መጥተው ሳለ ነርሷ ባለቤቴ ተረኛ ሆነችና፣ «እማዬን ሙዚየም አሳያት» ብላ ሁለታችንን ላከችን። አማቴም መልእክተኛ ስላጡ የሚሉትን ሁሉ ለመብራት ምሰሶው እየተናገሩ፣ እኔም እየሰማሁ ደረስን።

አንደኛ፣ ስለ መግለጫ ወረቀቶቻችሁ ላመሰግን እወዳለሁ። በሥነ ምድር አዳራሹ ድንጋዮቹ በወግ ተደርድረው ወረቀቶቹ ግን ከሙጫቸው ተላቀው ጥግ ላይ ስለተከመሩ፣ ጎብኚው ለፈለገው ድንጋይ የፈለገውን ስም የማውጣት ነጻነት ተጎናጽፏል። አማቴ ለአንዱ ጥቁር፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ለሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የእኔን ስም ሰጥተውታል።

ሁለተኛ፣ ምሳ ሰዓትን በማክበር ረገድ ዘበኛችሁን የሚስተካከል አላየሁም፤ ሰው አለ የለም ብሎ ሳይጠይቅ መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ሄዷል። ብንደበድብ፣ ብንጣራ፣ ለእይታ ከተቀመጠው የዝሆን መንጋጋ ቅሪት በቀር የሰማን አልነበረም።

ሦስተኛ፣ «ለአስቸኳይ ጉዳይ ይደውሉ» ተብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በሞባይሌ ብርሃን አንብቤ ብደውል፣ ስልኩ እዚያው አጠገባችን፣ በዘበኛው ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። ስለ ቅልጥፍናው እግዜር ይስጥልኝ። የአማቴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አንሳው እንጂ፣ ሊያስፈቱን ይሆናል» አሉኝ። ለእኔ፣ በቀጥታ።

ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ክንዳቸውን ደግፌ ወደ ድንጋይነት በተለወጠው ግንድ ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ በማስጠንቀቂያው ላይ የእሳቸው ስም ተሰርዞ የእኔ እንዲገባ በትሕትና እጠይቃለሁ። በመዳፋቸው እየዳሰሱት «ይሄ እውነት እንጨት ነበር?» አሉኝ። እንጨት ሥራዬ ነውና የዕድሜ ቀለበቶቹን በጣታቸው አስነካኋቸው። እጃቸውን ከግንዱ ሳያነሱ፣ «ክፉ አስቤብህ አይደለም። ቤቱ ጭር አለብኝ። ካናገርኩህ መሄዷ የእውነት የሚሆን መሰለኝ» አሉ። ኮቴን አውልቄ ደረብኩላቸው፤ ዘበኛው እስኪመለስም ስለ ልጃቸው የልጅነት ተንኮል ሲያጫውቱኝ ቆዩ።

አራተኛ፣ ዘበኛው ጠግቦ ተመልሶ በሩን ሲከፍት፣ ትኬታችን በእጃችን እያለ «ማን ፈቅዶላችሁ ገባችሁ?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ስማችንንም መዝግቦ ለክቡርነትዎ አቀረበ። አማቴ ግን መሐላችን ገብተው፣ «ልጄን አትቆጣብኝ» አሉት። ባለቤቴ ማታ ስነግራት አላመነችኝም፤ እናቷን ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ ወጥ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኖቿ ቀልተው ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሽማግሌ ስንልክ ከርመን ያጣነውን ዕርቅ መሥሪያ ቤትዎ በቸልተኝነት ብቻ ስላስገኘልን ውለታውን አንረሳም። እዚያ ጨለማ ውስጥ የተቆለፈበት የልብ ሕመምተኛ ቢሆን ኖሮስ የሚለውን ጥያቄ ግን ለእርስዎ ትርፍ ጊዜ ትቼዋለሁ።

ሥልጣንዎ እንደ አለቶችዎ እንዲጸና፣ በር የሚከፍትልዎ ሰውም እንዳያጡ ከልብ የምመኝ፣

ማስጠንቀቂያ የተሰጠው አናጢ፣ ከነአማቱ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ከተኳረፈች ሰነባብታለች። ሁለቱን አንድ ላይ ልልካቸው አስቤያለሁና፣ ዘበኛው ምሳ የማይወጣበት ቀን ካለ በከንቱ እንዳይደክሙ አስቀድመው ያስታውቁኝ።