ለማልቀስ የተጠራሁበት ሳምንት

ማክሰኞ

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የልጄ የቤዛ ነው። ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሊትዌኒያ፣ ከየት ከየቱ የቲያትር ሰዎች ለፌስቲቫል ሲያትል ገብተው እሷም በነፃ ታግዛቸዋለች። የኤስቶኒያዎቹ ቲያትር ላይ ባሕር የበላው ዓሣ አጥማጅ ሬሳው ይመጣና መንደሩ ያለቅሳል። ዳይሬክተሯ አልቃሾቹ የዚህ ከተማ ሴቶች ይሁኑ፣ ሁሉም በየቋንቋቸው ያልቅሱ አለች። ቤዛ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ማይ ማም ኢዝ ዘ ቤስት!» እናቴ ለቅሶ ቤት ሙሾ ስታወርድ ሰው ሁሉ በእንባ ይራጫል አለቻት። የሙያዬ ነገር!

ከፓርኪንግ ሥራዬ ወጥቼ ሄድኩ። ሬሳ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ገና ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ እንደተጋደመ በዓይኑ ጠቀሰኝ። በስመአብ! በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ? ያውም ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ሐሙስ ኦፕራሲዮን ሊሆን አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ? ይሄ ሟርት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው።

ረቡዕ

ልምምድ። ድምፄ እምቢ አለ። ሌሎቹ ሴቶች ይንሰቀሰቃሉ፣ እኔ ተገትሬያለሁ። ዳይሬክተሯ «ሞር! ሞር!» ትለኛለች። አፌን ስከፍት የሚመጣብኝ የወንድሜ የሰሌ ፊት ነው።

ከዚያ መላ መጣልኝ። ዜማው የሙሾ፣ ቃሉ የአስቤዛ!

«ወይኔ ሽንኩርቴን! ወይኔ ዘይቴን! ቲማቲሜ፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ!»

ደረቴን እየደቃሁ። ማን ይሰማኛል? ዳይሬክተሯ ዓይኗን ጠራርጋ «ቢዩቲፉል» አለችኝ። ሳቄን የዋጥኩት በመከራ ነው። ቢያንስ በወንድሜ ላይ አላሟረትኩም። ዛሬ ትንሽ እተኛ ይሆናል።

ሐሙስ

ኦፕራሲዮኑ ዛሬ ነበር። በጠዋት የስልክ ካርድ ፍቄ ደወልኩ። እህቴ ሙሉ አነሳች። «ወጥቷል፣ ደህና ነው፣ ተኝቷል።» አገናኚኝ ስላት «ደክሞታል» አለች። ድምፄን ይስማ እሺ፣ ጆሮው ላይ አድርጊለት ስላት መስመሩ ተቋረጠ።

የኛ ሰው «ደህና ነው» ሲል እኔ አላምንም። አባቴ ሲሞት ሁለት ወር ሙሉ «ደህና ነው፣ ጸበል ሄዷል» ሲሉኝ ከርመው፣ አንድ ማለዳ የእድሩ ሰዎች ጥቁር በጥቁር ሆነው በሬ ላይ ቆሙ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ተሾመ ከፊት፣ እትዬ ወርቄ ከጎናቸው። ገና ሳያቸው ገባኝ። ለኔ መርዶ በስልክ አይመጣም፣ እድርተኛው ከሚኖርበት ከሊንውድ በመኪና ነው የሚመጣው።

ዓርብ

አራት ጊዜ ደወልኩ። የሙሉ ስልክ ዝግ ነው።

ሥራ ላይ አንዱን ሰውዬ ሁለቴ አስከፈልኩት። ቤት ገብቼ ወጥ አሳረርኩ። «ማሚ፣ ኔትወርክ ነው፣ ጀስት ሪላክስ» ትለኛለች ቤዛ። አንቺ ምን አለብሽ፣ ልጅ ነሽ። በር በተንኳኳ ቁጥር ክው እላለሁ፤ አንዴ ፒዛ የሚያደርሰው ልጅ የጎረቤት ቤት ጠፍቶበት ነው።

ቅዳሜ

ቲያትሩ ዛሬ ለሕዝብ ታየ።

ሬሳው ገባ። እኔ ደረቴን ይዤ ወደፊት ወጣሁ። ሽንኩርቴን ልል ቀና ስል፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ጋሽ ተሾመ በጥቁር ሱፍ! አጠገባቸው እትዬ ወርቄ። ከኋላ የእድሩ ሰዎች፣ አምስት ስድስት ይሆናሉ።

በቃ። ሰሌ ሞቷል። መድረክ ላይ ስላገኙኝ እስክጨርስ እየጠበቁኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። «ሰሌዬ! ወንድም ጋሻዬ!» ብያለሁ። አባት ሆነህ ያሳደግከኝ ብያለሁ። እኔ እንድማር ትምህርትህን ጥለህ የጭነት መኪና የነዳህልኝ፣ ለቪዛ ሰልፍ ዝናብ ላይ ያደርክልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ተባረክ ያላልኩህ። ሬሳው ዓይኑን ገልጦ በድንጋጤ አየኝ። እትዬ ወርቄ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ። ፈረንጁ የቲያትሩ አካል መስሎት ቆሞ አጨበጨበ።

ቤዛ ደግፋ አወጣችኝ። «ማሚ፣ እኔ ነኝ እኮ ቲኬት የሰጠኋቸው! ሰርፕራይዝ ነበር!» አለች። ታዲያ ሰላም ሳይሉኝ የት ሄዱ? ስንወጣ አንዳቸውም የሉም። አላመንኳትም። የሙሉ ስልክ አሁንም ዝግ ነው።

እሁድ

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተሾመ፣ እትዬ ወርቄ፣ ከኋላቸው ሰው በሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ድስት ይዘዋል።

«ንገሩኝ፤ መቼ ሞተ?» አልኩ።

ጋሽ ተሾመ ግራ ገባቸው። «እኛ ምን እናውቃለን ልጄ? ስሙን ጠርተሽ ያለቀስሽው አንቺ! እዚያ ፈረንጅ መሀል ምን እንበልሽ፣ ሰው ሰብስበን በጠዋት መጣን እንጂ።»

«ታዲያ ጥቁሩ ሱፍ?»

«ቲያትር ነው ተባልን! ያለኝ ሱፍ እሱ ብቻ ነው!»

ማንም አልሳቀም። መሞቱንም መኖሩንም የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። «ደውዪ በያ» አሉ እትዬ ወርቄ። ቁጥሩን ቤዛ መታችው። ጠራ። ጠራ። ደግሞ ጠራ።

«ሄሎ? ምንድን ነው ጫጫታው? ማን ሞቶ ነው?» አለ ሰሌ ራሱ።

«አንተ!» አልኩት።

እትዬ ወርቄ እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ተሾመ ተቆጡ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን በመሐረብ ያዙ። ሰፈሩ ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ የሙሉ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነው አለኝ ሰሌ። በኦፕራሲዮኑ የተቆረጠው ሥጋ ለምርመራ ሄዷል፣ ውጤቱ ገና ነው። እሱንም ሳልጠይቀው ነገረኝ።

የቲያትሩን ነገር ስነግረው ቁስሉን ይዞ ሳቀ።

«ምን ብለሽ ነው ያለቀስሽልኝ?»

«ተወው እባክህ፣ ያሳፍራል።»

«በቁሜ ልስማው እንጂ።»

ያ ሁሉ ሰው ድስቱን እንደያዘ ቆሞ እየሰማኝ፣ ያለ ዜማ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሲተነፍስ ይሰማኛል። የስልክ ካርዱ ያለቀብን ገና የቪዛውን ሰልፍ እየነገርኩት ሳለ ነው።