አምስት ሰዓት ነው ያልኩት በረራ

ጥር 13፣ ማታ 1 ሰዓት
ከአባቴ መንደር ከቤተ ልሔም ንፋስ መውጫ አሁን ገባሁ። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ጉልበቴ ደንዝዟል። የ9ኛ ክፍል ፈተና አልታረመም። ይደር።

አባ ዛሬም ወሬያቸው የሰላም በረራ ብቻ። ሰላም፣ ታናሽ እኅቴ፣ ለአዋላጅነት ትምህርት ለንደን ልትሄድ ነው፤ ከቤታችን አውሮፕላን የሚሳፈር የመጀመሪያ ሰው። አባ ተስለዋል፦ ከቦሌ ከተነሣች መሬት እስክትረግጥ አይቀመጡም፣ እህል ውኃ አይቀምሱም፣ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ። ስኳር ያለባቸው ሰውዬ! ተሟገትኩ። ወይ ፍንክች።

ስንት ሰዓት ሰማይ ላይ ትቆያለች አሉኝ። ቲኬቱን ስልኬ ላይ አየሁ። ጠዋት 4 ተነሥታ ከሰዓት 9 ታርፋለች። አምስት ሰዓት አልኳቸው። ፊታቸው በራ፤ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልክ እንደ ጾሙ። እስከ ዘጠኝስ ለምደውታል። እፎይ።

ጥር 15፣ ከሰዓት
ክፍል ውስጥ ሉሉን ይዤ ርቀት አስለካሁ። በሲባጎ፣ ከአ.አ. ለንደን። ስድስት ሺህ ኪ.ሜ. ገደማ። ለአውሮፕላን ፍጥነት አካፈልኩ፣ መነሻና ማረፊያውን ጨመርኩ። ስምንት ሰዓት። ስምንት?! ሲባጎው ላልቶ ይሆናል። ደገምኩ። ያው።

ወይ ጉድ። የቲኬቱ ዘጠኝ የለንደን ዘጠኝ ነው። እዚያ 9 ሲሆን እኛ ጋ 12። ይህንኑ በየዓመቱ የማስተምር የጂኦግራፊ መምህርት! አፈርኩ።

ጥር 18
አልነገርኳቸውም። ሰላም ጋ ደወልኩ፤ አደራ እንዳትነግሪያቸው፣ በዘጠኝ በልተው ይረፉ አለች። ጥሩ። ግን በዘጠኝ ደውይላት ቢሉኝስ? አየር ላይ ስልኳ ዝግ። አውሮፕላኗ ወደቀች ብለው ቢያብዱስ? ብነግራቸው ደግሞ እስከ 12 ይቆማሉ። ዓምና ሳይበሉ ውለው ማኅሌት ላይ መቋሚያቸውን እንደያዙ ተዝለፍልፈዋል። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጥር 22፣ ጠዋት 4:10
ፈቃድ ወስጄ አባ ቤት ነኝ። ሰላም ተሳፈርኩ ብላ ደውላ ስልኳን ዘጋች። አባ ቆሙ። እኔ ቁጭ ብድግ፣ በር ድረስ፣ መለስ። ገንፎው ተሠርቶ ተከድኗል። አሁንም አልነገርኩም። ፈሪ ነኝ።

9:20
ልክ በዘጠኝ ዳዊቱን ሳም አድርገው ዘጉ። ደውይላት አሉ። ደወልኩ፤ ዝግ። እንደገና፤ ዝግ። ምን አገኛት አሉ። አላስቻለኝም፣ አፈረጥኩት፦ ገና ሦስት ሰዓት ይቀራታል፤ መጀመሪያ ተሳስቼ ነው፣ በኋላ ግን እያወቅኩ ደበቅሁ።

ገና ሰማይ ላይ ናታ አሉና ዳዊቱን መልሰው ገለጡ። አባ፣ የስኳሩን መርፌ ወስደዋል እኮ ብዬ አለቀስኩ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

«አምስቱን እኔ ቁሜያለሁ። ሦስቱን የበላሽ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ቁሚ!»

ዳዊቱን ሰጡኝ።

10 ሰዓት
በልተዋል። ተቀምጠዋል። ግዕዙ ያደናቅፈኛል፤ ስሳሳት ከመደባቸው ላይ ሆነው ያርሙኛል፣ በቁጣ ሳይሆን ፈገግ እያሉ። ማስታወሻዬ፣ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። እስክታርፍ አልቀመጥም። አባ ንባቡ ለምን ተቋረጠ እያሉ ነው። እሺ አባ፣ እ…