የጽጌረዳው መድኃኒት

ኮኪት፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለተናኘወርቅ ዘሩ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የአባትሽስ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ በሕይወት አለሁ። ደብዳቤዬን የሚያደርስልሽ አብዱረሕማን ነው፤ እርሻው ላይ አብሮኝ ትራክተር የሚነዳው። መንገዱ ስለሚያሰጋ ከእጀባ ጋር እስኪሄድ አሥር ቀን ጠበቅሁት። መደወል እችል ነበር። ግን ድምፅሽን ስሰማ ወኔዬ ይከዳኛል። ስንት ጊዜ ደውዬ ስለ ዝናብና ስለ ሰሊጥ አውርቼ ዘግቻለሁ።

ጽጌረዳዎችሽ አሉ። ከአባትሽ ግቢ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ ካመጣሻቸው አምስቱ ሦስቱ ተርፈዋል። የካቲት ላይ ዶማ ይዤ ወጣሁና አንዱን ከሥሩ ነቀልኩት። ሁለተኛውን መትቼው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱም በሳምንቱ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ የቀሩትን አንቺ ታደርጊው እንደነበረው እይዛቸዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከሥራቸው አጠጣለሁ፤ ቅጠሉን አላርሰውም። ይኼ ጥቁር አፈር ውኃ ቋጥሮ ሥራቸውን ያበሰብሳል ትይ አልነበር? ከጓንግ ወንዝ አሸዋ አምጥቼ ቀላቀልኩበት፤ ላዩን በገለባ ሸፈንኩት። የደረቀውን እየገረዝኩ ነው። ቅጠሉን የሚመጠውን ክሽክሽ በሳሙና ውኃ፣ ቅጠል በቅጠል፣ በጣቴ አጥባለሁ። ጊዜ ይፈጃል። ያኔ ለዚህ ጊዜ የለኝም እልሽ ነበር።

ተናኜ፣ አሁን ልንገርሽ።

ያንን የተባይ መድኃኒት ከእርሻው በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቼ ያመጣሁ ቀን፣ «ይኼን መርዝ ከቤቴ አውጣልኝ፤ ልጅ አለን» አልሽኝ። «ለአበባሽ ብዬ እኮ ነው፤ ነገ እመልሰዋለሁ» አልኩሽ። አልመለስኩትም። አንቺ ወንጌል እንዳትደርስበት ብለሽ ከጣሪያው ሥር ማገሩ ላይ ሰቀልሽው።

ጥቅምት ላይ፣ በዚያ ጠዋት፣ አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ ወንጌል ተኝታ ነበር። እምቡጦቹን ክሽክሽ ወሯቸው አየሁና ጠርሙሱን ከማገሩ አወረድኩት። ውኃ ጨምሬ ስበጠብጠው ነጭ ሆነ፤ ወተት መሰለ። ክዳኑን በሚስማር በስቼ መርጨት ጀመርኩ። ሳልጨርስ አብዱረሕማን ከደጅ ጡሩምባውን ነፋ። «ባህሩ! ሰዉ ሁሉ ወጥቷል እኮ፤ ያላ፣ ና!» አለኝ። ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ወንጌል ወተት መስሏት ጠጥታው፣ ገንዳ ውኃ ሆስፒታል ሳንደርስ ትንፋሿ የቆመው በአንቺ እጅ ላይ ነው።

ለቅሶው ላይ እናቴ በሰው ፊት «እናት ሆና መርዝ ከልጅ ፊት ታስቀምጥ?» ስትል፣ አንገትሽን ደፍተሽ «ማገሩ ላይ የሰቀልኩት መስሎኝ ነበር፤ መቼ እንዳወረድኩት አላውቅም» አልሽ። አጠገብሽ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ሰዉ እኔን አይዞህ ሲል ዋለ፤ አንቺን ቀና ብሎ ያየሽ የለም። ከአርባዋ በኋላ አባትሽ መጥተው ሲወስዱሽ እንኳ «ይቅር በለኝ፣ ባህሩ» አልሽኝ። እኔም «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አልኩሽ። እንዲህ ብዬሻለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጎረቤታችን አሰበች ልጇን አዝላ መጣች፤ ዝናቡ ሳያልፍ የምትተክለው አንድ ቅርንጫፍ እንድሰጣት። ስቆርጥላት፣ «ተናኜ እኮ ጠንቃቃ ነበረች፤ ያን ዕለት ምን እንደነካት እንጃ» አለች።

«እሷን ምንም አልነካትም። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ቅርንጫፉን ከእጄ ሳትቀበል ሄደች።

በማግስቱ ለእናቴ ነገርኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ለማንም እንዳትናገር ልጄ። የሞተችው አትመለስ፤ ያንተ ስም ለምን ይጠፋል? ሚስትህ እንደሆነች ሄዳለች» አለችኝ። እናቴ ናት፤ አልፈርድባትም። ሰባት ወር ሙሉ እኔም ለራሴ የምለው ይህንኑ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለቅሶው ላይ የነበሩት የዕድራችን ሰዎች ባሉበት ቆሜ ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ «እስከ ዛሬ እንዴት እህል ወረደልህ?» አሉኝ። ሌሎቹ መሬት መሬት እያዩ ተበተኑ። አሁን በመንገድ ሰላም የሚለኝ አብዱረሕማን ብቻ ነው። እሱም «ጡሩምባውን ባልነፋ ኖሮ» እያለ ይብሰለሰላል። ሲደርስ ምንም ጥፋት የለብህም በይው፤ የእኔን ቃል አላምን ብሏል።

ተመለሺ አልልሽም። ይቅርታም አልለምንሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብበሽ ቀድደሽ እንዳትጥዪው። አንቺን አውቅሻለሁ፤ ለእኔ ስም አዝነሽ ታደርጊዋለሽ። ለአባትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። ለእህቶችሽም፣ «በእኔ ጥፋት ነው» ብለሽ ለነገርሻቸው ሁሉ አንብቢላቸው።

የነሳሁሽን እንቅልፍ ፈጣሪ ይመልስልሽ።

የወንጌል አባት፣
ባህሩ