የእትዬ ዘነበች ጉልበት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጅቡቲ

አርሂባ ሰፈር ሰው ቤት ምግብ የሚያበስሉትን እትዬ ዘነበችን ዛሬ ለጉልበታቸው ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ፈረንሳይኛ ስለማይችሉ አስተረጎምኩላቸው። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ «እዚህ ያለን ሰው ሠራሽ ጉልበት ክብደታቸውን አይችልም፤ ቶሎ ይላላል። አጥንት ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ረጅም ዘንግ ያለው ይሻላቸዋል፤ ከውጭ እስኪመጣ ግን ብዙ ወራት ይፈጃል» አለ።

«ያለውን ያድርግልኝ» አሉ እትዬ።

«ቢላላስ?» አልኳቸው።

«እመቤቴ ሳነክስ አይታ ሌላ ሠራተኛ እያፈላለገች ነው። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ማን ያስጠጋኛል?»

እንዳሉት ተረጎምኩ። ሐኪሙ፣ «በደንብ ገብቷቸዋል?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ገብቷቸዋል አልኩት። ለቀዶ ሕክምናው ለጥር ቀጠራቸው።

እትዬን መከራከር ነበረብኝ። ስንወጣ ክንዴን ተደግፈው፣ «አደራሽን፣ ይላላል ያለውን ለእመቤቴ እንዳትነግሪያት» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።